የአበባ ፎቶግራፍና የሚጠቅም አስተያየት

ሰው የሠራውን ሥራ ለሌላ ሰው ሲያሳይ ከሁለት ነገሮች አንዱን ይፈልጋል፤ ወይ ምስጋና፣ ወይ ምክር። ሁለቱም ደግ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቦታ ሊይዝ አይችልም። ምስጋና የሠሪውን ልብ ደስ ያሰኛል፤ ምክር ግን ሥራውን ያሻሽላል። በዚህ ጽሑፍ ስለ አበባ ፎቶግራፍ ጥቂት ለመናገር ያሰብኩት፣ በዚህ ዓመት ይህን ልዩነት በአበቦች ምክንያት በግልጥ ስላየሁት ነው። አንባቢው ፎቶግራፍ የማያነሣ ቢሆንም እንኳ፣ ድርሰት ጽፎ ለመምህሩ የሚያቀርብ ወይም ወጥ ሠርቶ ለቤተ ሰቡ የሚያቀምስ ሁሉ ነገሩ ይመለከተዋልና እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ከትምህርት ቤታችን በስተ ኋላ ያለውን ተዳፋት የማያውቅ ተማሪ የለም። ክረምቱ ሲወጣ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ከአደዩም ሥር ማገጥ ይነጠፋል፤ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ቀጋና እምቧይ አሉ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በዚህ ቦታ ላይ አዲስ የመማሪያ ክፍሎች እንዲሠሩ መወሰኑ ተነገረን። ሦስት ሦስት ሆነን በአንድ ዴስክ ለምንቀመጠው ለእኛ ወሬው የምሥራች ነበር። ሆኖም ቁፋሮው ኅዳር ሲወጣ የሚጀመር ስለ ሆነ፣ የ2017 ዓ.ም. መስከረም ተዳፋቱ አበባ የሚለብስበት የመጨረሻው መስከረም መሆኑን ሁላችንም ተረዳን። ስለዚህ የሥነ ሕይወት ክበባችን በዚያ መሬት ላይ የሚያብበው ተክል ሁሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ወሰነ፤ የማንሣቱም ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ለሥራው የተገኘው መሣሪያ የታላቅ ወንድሜ የእጅ ስልክ ነበር።

ክበቡ አንድ ደንብ አወጣ። ይኸውም ፎቶግራፎቹ ከተነሡ በኋላ ቀለማቸው እንዳይለወጥ፣ አንዳችም ነገር እንዳይጨመርባቸውና እንዳይፋቅባቸው ነው። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ተዳፋቱ ከተቈፈረ በኋላ «እስቲ አበባው በእውነት እንዲህ ነበረን?» ብሎ የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ሊያይ አይችልም። ያን ጊዜ ያለው ምስክር ፎቶግራፉ ብቻ ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን እንጂ የሚያምረውን አይናገርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጥ ይገባል። የዛሬው ስልክ ማንም ሳያዘው ፎቶግራፉን ገና ሲያነሣ ቀለሙን ያስተካክላል፣ ጠርዙን ያሾላል፣ በጥላው ውስጥ ያለውን ሻካራ ነገር ያለሰልሳል። ስለዚህ ፈጽሞ ያልተነካ ፎቶግራፍ ማለት አስቸጋሪ ነው። እኛ ያልተነካ ያልነው ከስልኩ እንደ ወጣ የሰው እጅ ያልገባበትን ነው። ፎቶግራፍን ማሳመርም ከስልክ ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ በፊልም ዘመን በኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ እየነኩ የፊትን ጠባሳ የሚያጠፉ ባለሙያዎች ነበሩ። ይህን የማይወዱም ነበሩ። በ1932 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጅን ከኒንግሃምና ጓደኞቻቸው «ኤፍ 64» የተባለ ማኅበር መሥርተው፣ ፎቶግራፍ ሥዕል ለመምሰል መድከም የለበትም፣ ካሜራው ያየውን አጥርቶ ያሳይ ብለው ተነሡ። ስሙንም የወሰዱት ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቶ ከሚያሳየው ከትንሹ የሌንስ ቀዳዳ ቊጥር ነው። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ከኒንግሃም ልጆቿን እያሳደገች በቤቷ አትክልት ውስጥ ያሉትን አበቦች ታነሣ ነበር፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ያነሣችው የማግኖሊያ አበባ እስከ ዛሬ ስሟን ያስጠራል።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን ፎቶግራፎች መስከረም በገባ በሳምንቱ አንሥቼ ለክፍል ጓደኞቼ አሳየሁ። ሁሉም በአንድ ቃል «እንዴት ያምራል!» አሉ። ቃሉ ጣፋጭ ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ ወደ ተዳፋቱ ስመለስ ከዚያ ቃል ለእጄ የሚሆን ምንም ነገር አልነበረም። ይህን ስል ጓደኞቼን መንቀፌ አይደለም። በእንቁጣጣሽ ሕፃናት አበባና መልአክ ሥለው በየጎረቤቱ ይዞራሉ፤ የቤቱም ባለቤት ሥዕሉን ተቀብሎ ያመሰግናል፣ ይመርቃል፣ ሳንቲም ይሰጣል። «የዚህ አበባ ግንድ ወፍሯል፣ ቅጠሉም ጎድሏል» የሚል ጎረቤት የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ሥዕሉ የቀረበው ለበረከት ነውና የሚመለሰውም ምርቃት ነው። የእኔ ፎቶግራፎች ግን የቀረቡት ለምስክርነት ስለ ነበር ሌላ ዓይነት መልስ ያስፈልጋቸው ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩት። «ያምራል ወይ?» ማለቱን ትቼ «መጀመሪያ ዓይንሽ የት ዐረፈ? ሊታይ ሲገባው ያልታየሽ ነገርስ ምንድር ነው?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ወዲያው መልሱም ተለወጠ። አንዲት ጓደኛዬ «እኔ መጀመሪያ ያየሁት ከአበባው ኋላ ያለውን ነጭ ድንጋይ ነው» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብዬ ሳነሣ ድንጋዩ ከፎቶግራፉ ወጣ። አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ቢሆንም «ያምራል» ከሚለው ቃል ሁሉ ይልቅ ያ ድንጋይ ጠቀመኝ።

ቀጥሎ ወደ ሰፈራችን ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩት በፊልም ዘመን ነው። የአደዩን ፎቶግራፍ ትኩር ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ቢጫ ብርሃን በልቶታል፤ በቢጫው ቅጠል ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች የት ሄዱ?» አሉኝ። ምክንያቱንም አስረዱኝ። ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ ለክቶ መካከለኛውን ይመርጣል። አበባው ትንሽ፣ በዙሪያው ያለው ሣር ደግሞ ብዙና ጥቊር ሲሆን፣ ካሜራው ለሣሩ የሚበቃውን ብርሃን ያስገባል፤ ያም ለአበባው ይበዛበታል። ብርሃን ከመጠን አልፎ የፈሰሰበት ቦታ ምንም አይመዘገብበትም። በኋላ በማሳመሪያ ቢያጠቊሩት የሚገኘው አንድ ወጥ ቢጫ እንጂ የጠፋው መስመር አይደለም። «እንኳን ሳትነኪ አመጣሽልኝ፤ ነክተሽው ቢሆን ኖሮ የማየው የአንቺን ማሳመሪያ እንጂ የፀሐይዋን ሥራ አልነበረም» አሉኝ።

መድኃኒቱንም ሰጡኝ። በስልኩ ገጽ ላይ አበባውን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ፤ ወይም ደመና ፀሐይዋን እስኪጋርድ መጠበቅ፤ ወይም በአበባው ላይ ጥላ መያዝ። ደግሞም ካሜራው ወደ አበባው እጅግ ሲቀርብ ጠርቶ የሚታየው ክፍል እንደ ጥፍር የሳሳ ስለሚሆን፣ የአበባውን ፊት ከስልኩ ገጽ ጋር ትይዩ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ነፋስ ካለም አንዱን ብቻ ሳይሆን በተከታታይ አሥር ያህል አንሥቶ ከዚያ መምረጥ ነው።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ጃንጥላ ይዛልኝ ቀጋውን አነሣሁና ወደ እርሳቸው ተመለስኩ። ገና እንዳዩት፣ «የጃንጥላው ቀለም ምን ነበር?» አሉ። ቀይ ነበረ። የቀጋ አበባ ነጭ ስለ ሆነ በጨርቁ ውስጥ ያለፈውን ብርሃን ተቀብሎ በስሱ ቀልቶ ነበር። ሽማግሌው በቦታው ሳይኖሩ የጃንጥላውን ቀለም ከአንድ ነጭ አበባ ላይ ማንበባቸው አስደነቀኝ። ከዚያ በኋላ ነጭ ነጠላ ዘርግተን ማንሣት ጀመርን፤ አበባውም ነጭነቱ ተመለሰለት።

ሦስተኛዋ መካሪዬ የሥነ ሕይወት መምህርታችን ናቸው። እርሳቸው ፎቶግራፉን እንደ ሽማግሌው አላዩትም። «ይህ አበባ ውብ ነው፤ ነገር ግን ማንነቱን ልነግርሽ አልችልም፤ አረንጓዴው ቅጠል የታል? ግንዱስ? ከአበባው በታች ያለውስ?» ብለው በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ጻፉልኝ። አደይ አበባ ሳይንስ ቢደንስ ብሎ ከሚጠራው ወገን ነው። በአገራችን ይህ ወገን ብዙ ዓይነት አለው፤ ቢጫነታቸው ስለሚመሳሰል በፊታቸው ብቻ መለየት ያስቸግራል። ቢደንስ የሚለው ቃል በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ ስሙ የመጣውም በብዙዎቹ ዘር ጫፍ ላይ ካሉት ሁለት እሾህ መሰል ጥርሶች ነው። ስለዚህ ስሙን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አበባው ሲረግፍ ተመልሶ ዘሩን ማንሣት አለበት። ደግሞም እኛ አንድ አበባ የምንለው አደይ በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው፤ ብዙዎቹም የሚገኙት በመካከሉ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ካሜራው አጥርቶ ማሳየት ያለበት የትኛውን ክፍል እንደ ሆነ ጥርጥር አልነበረኝም።

መምህርታችን እያንዳንዱ ተክል አራት ፎቶግራፍ እንዲኖረው አዘዙ፤ አበባው ከፊት፣ አበባው ከጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር፣ በመጨረሻም ዘሩ። በአጠገቡ ማስመሪያ እንዲጋደም፣ ቀኑና ቦታው እንዲጻፍም አሳሰቡ። ለምሳሌም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር በሚገኘው በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተዘጋጀውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ጠቀሱልን። ሥራው በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በ8 ክፍል ተፈጽሟል። ይህን የመሰለው ሥራ የተመሠረተው በወረቀት መካከል ተጭነው በደረቁ ተክሎች ላይ ነው፤ የደረቀ አበባ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙን ይለቃል። እንግዲህ በትክክል የተነሣ ያልተነካ ፎቶግራፍ የደረቀው ተክል ያጣውን ለመናገር ይረዳል ማለት ነው። በጀርመን አገር በበርሊን ያስተምር የነበረው ካርል ብሎስፌልትም ተክሎችን አጉልቶ ያነሣ የነበረው ለደቀ መዛሙርቱ ማስተማሪያ እንዲሆኑ ነበር፤ በ1928 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ታትሞ ስሙ በዓለም ሲጠራ ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር።

አራተኛው መካሪ ፎቶግራፍ አንሥተው የማያውቁት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። የማገጡን ፎቶግራፍ ሳሳያቸው ሣቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ማገጥን ቆመሽ አታይውም፤ ንቧ ወዳለችበት ውረጂ» አሉኝ። ደግሞም «ነፋሱ የሚነሣው ረፋዱ ላይ ነው፤ ጤዛው ሳይረግፍ ነይ» ብለው ማለዳ በሩን ይከፍቱልኝ ጀመር። በጉልበቴ ተንበርክኬ ካሜራውን እስከ መሬት ሳወርደው፣ ከላይ እንደ ምንጣፍ የሚታየው ማገጥ እያንዳንዱ ራሱን ቀና አድርጎ የቆመ አበባ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ምክር የሚገኘው ካሜራውን ከሚያውቅ ብቻ ሳይሆን አበባውን ከሚያውቅም መሆኑን ተማርኩ።

ነገር ግን መካሪ ሲበዛ ምክር መጋጨቱ አይቀርም። በአንድ የእምቧይ ፎቶግራፍ ላይ ቅጠሉ በትል ተበልቶ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩት። የፎቶ ቤቱ ሽማግሌ «ሌላ ደኅና ቅጠል ያለውን ፈልጊ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው» አሉኝ። መምህርታችን ደግሞ «ተዪው፤ የበላው ትልም የተዳፋቱ ነዋሪ ነበር» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዳቸው ስለ ውበት፣ ሌላይቱ ስለ እውነት ተናገሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍርዱ የሠሪው ነው፤ ፍርዱንም የሚሰጠው «ሥራው የተሠራው ለምንድር ነው?» ብሎ ራሱን በመጠየቅ ነው። የእኛ ሥራ ለምስክርነት ስለ ነበር የተበላው ቅጠል ተሰቀለ። ለሠርግ ጥሪ ወረቀት ቢሆን ኖሮ የሽማግሌውን ምክር በተከተልኩ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ አስተያየት የመጣው ከቤታችን ነው። እናቴ በዚሁ ትምህርት ቤት ነበር የተማረችው። ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፎቶግራፎቹን ሁሉ በአልጋ ላይ ደርድሬ አሳየኋት። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉንም በየስማቸው ጠራቻቸው፤ ከዚያም ዝም አለች። «ምን ጎደለው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «አበቦቹ አሉ፤ ተዳፋቱ ግን የለም። እነዚህ አበቦች እንጦጦም ጎጃምም ሊበቅሉ ይችላሉ። እኛ ከትምህርት ስንለቀቅ የምንቀመጥበት ቦታ የታል?» አለችኝ።

ይህ አስተያየት ስለ ብርሃንም ስለ ትኩረትም አልነበረም፤ ነገር ግን የሥራውን ልብ ነካ። የሚጠፋው አበባው አይደለም፤ አደይ በሚቀጥለውም መስከረም በሌላ ሜዳ ያብባል። የሚጠፋው ይህ ቦታ ነው። በማግሥቱ ማለዳ የቀረው አበባ ሳይረግፍ እናቴን ይዣት ሄድኩና የምትቀመጥበትን ቦታ አሳየችኝ። ከዚያው ሆኜ አጥሩን፣ ሁለቱን የወይራ ዛፎች፣ የድሮውን ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያና በመካከሉ የቀረውን ቢጫ ሜዳ በአንድ ላይ አነሣሁ። ፎቶግራፉ ከሁሉ ያነሰ ጥበብ ያለበት ነው፤ ሰማዩ ነጣ ያለ፣ ጣሪያውም ዝገት የበላው ነው። ከእርሱ ላይም ምንም አልተፋቀም። ኅዳር ወጥቶ ቁፋሮው ሲጀመር ከእንግዲህ ሊደገም የማይችለው ፎቶግራፍ ያ ብቻ ነበር።

አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን ትምህርት አሳምረው ያውቁት ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ሆኖ አስቦ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም የጎደለውን ይነግሩታል፣ የጠመመውን ያቀኑለታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የሚደረሰው እንዲህ ነው። ተማሪው ቅኔውን በሌላ ሰው አስውቦ ቢያቀርበው እርማቱ ለማን ይደርሳል? ለራሱ አይደርሰውም። ፎቶግራፍም እንደዚሁ ነው፤ ካሳመሩት በኋላ የሚሰጥ ምክር ማሳመሪያውን ያርማል፤ እንደ ተነሣ ሲታይ የሚሰጥ ምክር ግን ያነሣውን ዓይንና እጅ ያርማል።

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁትን ባጭሩ ብናገር እንዲህ ነው። የሚጠቅም አስተያየት በመጀመሪያ በሥራው ላይ የሚታየውን ነገር በጣት ይጠቊማል፤ ቀጥሎ ያ ነገር ለምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ በመጨረሻም ነገ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ያሳያል። «አስቀያሚ ነው» ማለት «ያምራል» እንደ ማለት ባዶ ነው፤ ሁለቱም ለእጅ የሚሆን ነገር የላቸውምና። ጠያቂውም በበኩሉ ሥራውን ሳይሸፍን ማቅረብ፣ የተሠራበትን ዓላማ መናገር፣ ከአንድ በላይ ሰው መጠየቅ ይገባዋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለምን?

እነሆ ፎቶግራፎቹ ዛሬ በቤተ መጻሕፍታችን በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸውም የየተክሉ ስም፣ ቀንና ቦታ ተጽፏል። በጠረጴዛው ላይ እርሳስ የታሰረበት አንድ ደብተር ተቀምጧል። ውድ የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፤ ስታዩአቸው «ያምራል» ብላችሁ ብታልፉ ቅር አይለኝም። ነገር ግን ዓይናችሁ የት እንዳረፈና ምን እንዳልታያችሁ ሁለት መስመር ብትጽፉልን፣ በሚቀጥለው መስከረም ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሜዳ ለሚያነሡት ታናናሾቻችን ትልቅ ስንቅ ይሆናቸዋል።